እህቴ ጅዳ ልትሄድ ነው፤ ስትጸልይ ቢይዟት ማን ይደርስላታል?

ጥያቄ፣ ከሜሪላንድ

ሰላም ለሁላችሁ። ታናሽ እህቴ በሚቀጥለው ወር ለቤት ሥራ ጅዳ ልትሄድ ነው። ኮንትራቱ የሁለት ዓመት ነው። ቪዛዋ ወጥቷል፣ ምርመራዋንም ጨርሳለች። አትሂጂ ብዬ ለምኛት ነበር፣ እምቢ አለች። ስለዚህ እንዴት ላስቀራት የሚለውን ትቼዋለሁ።

እህቴ ጸሎተኛ ናት። ቅዳሴ ሳታስታጉል፣ ጾም ሳትሽር ያደገች ልጅ ናት። ሳዑዲ ውስጥ ቤተክርስቲያን እንደሌለ ታውቃለች። ግን እዚያ ያሉ ጓደኞቿ በእረፍት ቀናቸው ሰው ቤት ተሰብስበው እንደሚጸልዩ ነግረዋታል። እሷም አብራቸው ልትሆን ቆርጣለች። እኔ ይህን ከሰማሁ ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም። እዚህ የሚያውቁኝን ሰዎች ሳማክር «አንቺ የአሜሪካ ዜጋ ነሽ፣ የሆነ ነገር ቢፈጠር ለኮንግረስ ትጽፊያለሽ፣ አሜሪካ ታስፈታታለች» አሉኝ። እውነት ነው? ደርሶበት ያየ አለ?

መልስ፣ ከአሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ ሆዴ ተላወሰ። እኔ ጅዳ ስድስት ዓመት በሹፌርነት ሠርቻለሁ። አርብ አርብ ከሚጸልዩት አንዱ ነበርኩ። ያኔ የእረፍት ቀናችን አርብ ነበር። አንድ በአንድ እየተራራቅን እንገባለን። ጫማችንን ይዘን ወደ ውስጥ፣ መጋረጃው ይዘጋል፣ በሩ ሥር ፎጣ ይወሸቃል። ከበሮ የለም። መዝሙሩ በሹክሹክታ ነው። እልልታ ሲመጣባቸው እናቶች አፋቸውን በነጠላ ይይዙ ነበር። ያንን ሳስታውስ እስከዛሬ ዓይኔ እንባ ያቀራል። እህትሽ እዚያ መሄድ ለምን እንደፈለገች ይገባኛል። ሳምንቱን ሙሉ በሰው ቤት ስትታዘዢ ውለሽ አንድ ቀን በስምሽ የሚጠራሽ ሰው መሃል መቀመጥ ማለት ነው።

ወደ ጥያቄሽ ልምጣ። «አሜሪካ ታስፈታታለች» የሚለውን እንደ ዋስትና አትያዢው። ጫናው የለም ማለቴ አይደለም፣ አለ። ግን ቀርፋፋ ነው፣ ደግሞም ስም ይፈልጋል።

የጅዳውን ነገር ላንሳ። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2011 አጋማሽ፣ ገና ሊደርስ አካባቢ፣ 35 ኢትዮጵያውያን ክርስቲያኖች ሰው ቤት ተሰብስበው ሲጸልዩ ተያዙ። 29ኙ ሴቶች ነበሩ። በኋላ የቀረበባቸው ክስ ሴትና ወንድ ተደባልቃችሁ ተገኛችሁ የሚል ነው። ሂውማን ራይትስ ዎች በጃንዋሪ 2012 ጉዳዩን ይፋ አወጣ። ሴቶቹ እስር ቤት ውስጥ ልብሳቸውን አውልቀው ክብራቸውን በሚነካ መንገድ እንደተፈተሹ የነገሩትም ተጻፈ።

አሁን ልብ በይ። የሳዑዲ መንግሥት በ2006 ለአሜሪካ ቃል ገብቶ ነበር። ሙስሊም ያልሆኑ ሰዎች በቤታቸው ቢጸልዩ አንነካቸውም ብሎ ነበር። ይህን ቃል ያወጣው ደግሞ ጫናው ነው። አሜሪካ በ1998 ያወጣችው የዓለም አቀፍ ሃይማኖት ነጻነት ሕግ አለ። በዚህ ሕግ መሠረት የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ በየዓመቱ ስለ አገሮች ሪፖርት ያወጣል። በእምነት ሰዎችን ክፉኛ የሚያሳድዱትን «በተለይ አሳሳቢ አገር» ብሎ ይሰይማል። ሳዑዲ በ2004 ተሰየመች። ስያሜው ቅጣት ሊያስከትል ይችላል። ግን ሕጉ ለአገር ጥቅም ሲባል ቅጣቱን መተውም ይፈቅዳል፣ ለሳዑዲም ከ2006 ጀምሮ ተተወላት። በእኔ አስተያየት ነዳጁና የጦር መሣሪያ ሽያጩ ከእኛ እህቶች ጸሎት በልጦ ነው። በወረቀት ላይ ቃል ነበረ፣ ከአምስት ዓመት በኋላ 35 ሰው ያው ቃል በተገባበት ነገር ታሰረ።

ግን ቃሉ ከንቱ አልነበረም። ጩኸቱን ስናሰማ በእጃችን የያዝነው እሱን ነው። «2006 ላይ ያላችሁት የት ደረሰ?» ማለት ቻልን። የአሜሪካ ዓለም አቀፍ የሃይማኖት ነጻነት ኮሚሽንም እንዲፈቱ ጠየቀ። ይህ ኮሚሽን ከመንግሥት ሥራ አስፈጻሚው ነጻ ነው፣ ምክር ይሰጣል እንጂ የመቅጣት ሥልጣን የለውም። በመጨረሻ በ2012 ክረምት ሁሉም ተለቀው ወደ ኢትዮጵያ ተላኩ።

ተፈቱ ልበል ወይስ ተባረሩ? ሁለቱም ነው። ተበድራ የሄደች ልጅ፣ ያልተከፈለ ደሞዝ ጥላ፣ አንድ ቦርሳ ይዛ ቦሌ ስትወርድ እዚህ እኛ «ድል» ብለን እናጨበጭባለን። እኔም አጨብጭቤያለሁ። ያንን ጊዜ ሳስበው ያሳዝነኛል። ደብዳቤ ከጻፉት አንዱ ስለነበርኩ አንድ ስህተታችንንም ልንገርሽ። የመጀመሪያው ደብዳቤያችን ሦስት ገጽ ነበር። ጥቅስ ነበረው፣ ቁጣ ነበረው። አንድም የታሳሪ ስም ግን አልነበረውም። አንዲት የኮንግረስ ቢሮ ሠራተኛ ደወለችልኝና «ስማቸው ማነው? የልደት ቀናቸው? የፓስፖርት ቁጥር? ስማቸውን እንድንጠቀም ቤተሰብ ፈቅዷል?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ስልኩን ይዤ ዝም አልኩ። ከዚያ በኋላ ነው አዲስ አበባ እየደወልን ቤተሰብ ፍለጋ የጀመርነው።

ስም ያለው ጉዳይ እንዴት እንደሚሄድ ማየት ከፈለግሽ የማርያም ኢብራሂምን አስቢ። ሱዳናዊት ናት። እናቷ ኢትዮጵያዊት ኦርቶዶክስ ነበሩ፣ ያሳደጓትም እሳቸው ናቸው። አባቷ ሙስሊም ስለነበሩ ፍርድ ቤቱ «ሙስሊም ሆነሽ እምነትሽን ክደሻል» አላት። በሜይ 2014 በስቅላት እንድትቀጣ ተፈረደባት። ከክርስቲያን ጋር ያደረግሽው ጋብቻ ጋብቻ አይደለም ተብሎ 100 ጅራፍም ተጨመረባት። የዓመት ከስምንት ወር ልጇ አብሯት ታስሮ ነበር። እሷ ደግሞ ነፍሰ ጡር ነበረች። እግሯ በሰንሰለት እንደታሰረ ሴት ልጅ ወለደች። እምነቷን እንድትክድ ቀን ተሰጥቷት አልክድም አለች።

ባሏ የአሜሪካ ዜጋ ነበር። አምነስቲ ፊርማ አሰባሰበ፣ ከ1 ሚሊዮን በላይ ሰው ፈረመ። የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር ሳይቀሩ ተናገሩ። በጁን 23 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ፍርዱን ሻረው። በማግስቱ ኤርፖርት ላይ እንደገና ያዟት! ከዚያ ካርቱም የአሜሪካ ኤምባሲ ውስጥ አንድ ወር ያህል ተቀመጠች። ጁላይ 24 በጣሊያን መንግሥት አውሮፕላን ሮም ገባች። አውሮፕላኑ ላይ የጣሊያን ምክትል የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር አብሯት ነበር። ስለ እሷ ለወራት ሲያወሩ የነበሩት አሜሪካና እንግሊዝ ሆነው፣ በመጨረሻ በዝምታ የሄደችው ጣሊያን ናት ያወጣቻት። ይህን አትርሺ። አደባባይ ላይ የሚጮኸውና በጓዳ የሚነጋገረው ሁለቱም ያስፈልጋሉ፣ ግን አንድ ሰው ሁለቱን ሊሆን አይችልም።

ሱዳን ከ1999 ጀምሮ «አሳሳቢ» ተብላ የተሰየመች አገር ነበረች። ኦማር አልበሽር ከወረዱ በኋላ በጁላይ 2020 ሃይማኖት የቀየረን በሞት የሚቀጣው አንቀጽ 126 ተሻረ። ሃያ ዓመት ፈጅቷል። መንግሥቱን የገለበጠው የሱዳን ሕዝብ ነው፣ ዋሽንግተን አይደለችም። አዲሶቹ መሪዎች ግን ከዝርዝሩ ለመውጣት ምን ማስተካከል እንዳለባቸው ያውቁ ነበር።

ሳዑዲም በእኛ ጊዜ የነበረችው አይደለችም። በኤፕሪል 2016 የሃይማኖት ፖሊሶቹ፣ እኛ ሙጠዋ የምንላቸው፣ ራሳቸው አሳደው የመያዝ ሥልጣናቸው ተነሳ። ዛሬ ፍርሃቱ ቀለል ብሏል ይላሉ እዚያ ያሉት። ግን የተፈቀደ ቤተክርስቲያን አሁንም የለም። በዱባይ፣ በአቡ ዳቢ፣ በኩዌት፣ በዶሃ በይፋ የተሠሩ አብያተ ክርስቲያናት አሉ። ለእህትሽ የአገር ምርጫ ቢኖራት ኖሮ ይህን አስቢበት እላት ነበር።

ከሚኒያፖሊስ

ሰላም እህቴ፣ ሰላም ጋሼ። እኔ ሙስሊም ነኝ፣ የአክስቴ ልጅ ሪያድ ናት። ሁለት ነገር ልበል።

አንደኛ፣ ጋሼ ስለ ሙጠዋ የተናገሩት ልክ ነው፣ ግን ለቤት ሠራተኛ ዋናው ፍርሃት እሱ አይመስለኝም። ካፊሏ ነው። ፓስፖርቷን የያዘው፣ ኢቃማዋን፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃዷን፣ የሚያሳድሰው፣ ስልኳን የሚወስደው አሰሪዋ ነው። የአክስቴ ልጅ በቀን አምስት ጊዜ የምትሰግድ ሙስሊም ናት፣ ስምንት ወር ከግቢ አልወጣችም። ስለዚህ እህትሽ መጽሐፍ ቅዱሷን የት እንደምታስቀምጥ ከማሰብሽ በፊት ማዳሟ ምን ዓይነት ሰው እንደሆነች፣ የእረፍት ቀን በኮንትራቱ ላይ ተጽፎ እንደሆነ አጣሪ።

ሁለተኛ፣ ያ 2012 ለእኛም ከባድ ዓመት ነበር። ጅዳ የታሰሩት ክርስቲያኖች ሊለቀቁ በተቃረቡበት በዚያው ክረምት፣ በጁላይ፣ አዲስ አበባ ውስጥ የሙስሊሞች መፍትሔ አፈላላጊ ኮሚቴ አባላት ታሰሩ። መንግሥት በእምነታችን ገብቶ አህባሽ የሚባለውን የእስልምና አስተምህሮ አይጫንብን ነበር ጥያቄው። አርብ አርብ አንዋር መስጊድ «ድምፃችን ይሰማ» ይባል ነበር። በኖቬምበር ያው ኮሚሽን፣ ለጅዳዎቹ ክርስቲያኖች የጮኸው፣ ስለ ኢትዮጵያ ሙስሊሞች መግለጫ አወጣ። እኛ ያኔ ደብዳቤ ይዘን ቤት ለቤት ስንዞር ሁለት ክርስቲያን ጎረቤቶቼ ፈርመውልኛል። አንዷ ማኅበርተኞቿን ሰብስባ አስፈርማለች። አልረሳላትም።

መግለጫው አስፈታቸው ብዬ አልዋሽም። በኦገስት 2015 ለ18 ሰዎች ከ7 እስከ 22 ዓመት ተፈረደ። የመጡት ምሕረቶች ከዚያ በኋላ ናቸው። ግን እናቶቻቸው «አሜሪካ ስማቸው ተነስቷል» ሲባሉ ፊታቸው ላይ የነበረውን አይቻለሁ። እና እባካችሁ፣ ለራሳችን ሰው ብቻ ስንጮህ ቢሮው ውስጥ ያለው ሰው ወዲያው ያውቃል። ለዚያች ልጅ ደብዳቤ የሚያስፈልግ ቀን ከመጣ (አያምጣው) የእኔን ፊርማ አሁን ቁጠሩት።

ከሜሪላንድ

ጋሼ፣ እህቴ፣ አለቀስኩ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ትናንት ማታ ከእህቴ ጋር ሁለት ሰዓት አወራን። ኮንትራቱን ልካልኛለች፣ የሳምንት አንድ ቀን እረፍት ይላል። በየእሁዱ ማታ ትደውላለች። «በርበሬው አልቋል» ካለችኝ ችግር አለ ማለት ነው፣ በግልጽ መናገር አትችልም ማለት ነው። ቀሪው ምንድን ነው? ከመሄዷ በፊት የምጨርሰው?

ከአሌክሳንድሪያ

የበርበሬው ጥሩ ነው። በጣም ጥሩ ነው።

ከመሄዷ በፊት የፓስፖርቷን፣ የቪዛውንና የኮንትራቱን ቅጂ ያዢ። የአሰሪዋን ሙሉ ስምና ስልክ፣ የኤጀንሲውን ስም፣ የቤቱን አድራሻ ጻፊ። ስልክ ይጠፋል፣ ይሰበራል፣ ስለዚህ ወረቀት ላይም ይኑር። በአካባቢሽ ወዳለው የኮንግረስ አባል ቢሮ አሁኑኑ ደውለሽ ስለ ሌላ ሰው ጉዳይ ለመጠየቅ የሚያስፈርሙትን የፈቃድ ቅጽ ጠይቂ። እህትሽ ኢትዮጵያዊት ስለሆነች ለዜጋ የሚያደርጉትን ያህል አያደርጉላትም፣ ግን ለውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ መጻፍ ይችላሉ። ቅጹን ሳትሄድ፣ አገር ቤት እያለች ትፈርም። ከታሰረች በኋላ ፊርማ ማምጣት እንዴት እንደሚያንገላታ አይቻለሁ።

ጅዳ የኢትዮጵያ ቆንስላ ጽሕፈት ቤት አለ። ቁጥሩን በቃሏ ትያዘው። በ1963ቱ የቪየና ስምምነት አንቀጽ 36 መሠረት የታሰረ ሰው «ለቆንስላዬ ንገሩልኝ» የማለት መብት አለው። ዓረፍተ ነገሩን በአረብኛ አስጠኚያት። ቆንስላው ባይመጣ እንኳ መጠየቋ መዝገብ ላይ ይቀራል፣ በኋላ ስንጽፍ «በዚህ ቀን ጠይቃለች» እንላለን።

አንድ የመጨረሻ ነገር። አንድ ነገር ቢፈጠር መጀመሪያ ፌስቡክ ላይ አታውጪው። ፎቶዋንም፣ አብረዋት የነበሩትንም። መጀመሪያ ለእኔ፣ ለሚኒያፖሊሷ እህታችን ደውዪ። ቤተሰብ፣ ቆንስላ፣ የኮንግረስ ቢሮ፣ ኮሚሽኑ፣ በዚህ ቅደም ተከተል እንሄዳለን። አደባባይ የምንወጣው ሌላው በር ሲዘጋ ነው፣ ያኔም እሷ ወይም እናታችሁ ሲፈቅዱ ብቻ።

የምትሄድበትን ቀን ጻፊልኝ። ጅዳ የቀሩ ሁለት የጥንት ወዳጆቼ አሉ፣ እንዲያገኟት እነግራቸዋለሁ።