የዕቅድ ውይይት፦ በፎርዋርድ ላይ ለጠቅላላ ጉባኤ የሚቀርብ የባለአክሲዮኖች የጋራ ሐሳብ

ፀሐፊ፦ ረቂቁ ይኸው። ባንኩ ሊጀምረው ያሰበው የዶላር ፎርዋርድ፣ ማለትም ዋጋው ዛሬ ተቆርጦ ዶላሩ ወደፊት የሚሰጥበት ውል፣ ከካፒታሉ አንጻር ጣሪያ ይኑረው። ውል የሚገባውና ሒሳብ የሚያወራርደው ሰው አንድ አይሁን። ቦርዱ በየሩብ ዓመቱ ያሳውቀን። ሐሳብ ማቅረቢያው ሐሙስ ይዘጋል።

የቀድሞው ኦዲተር፦ ሁለተኛው ነጥብ ወደ ላይ ይውጣ። የእንግሊዙን ባንክ ቤሪንግስን የጣለው እሱ ነው። ሲንጋፖር ላይ አንድ ሰው ራሱ እየነገደ ራሱ ያወራርድ ነበር፤ 827 ሚሊዮን ፓውንድ ከሰረና ከ230 ዓመት በላይ የኖረ ባንክ በ1995 እ.ኤ.አ. በ1 ፓውንድ ተሸጠ።

አስመጪው፦ እኔ አልፈርምም። ሐምሌ 2016 ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። ቀድሜ የከፈትኩትን ኤልሲ፣ ባንክ ለውጭ ሻጩ የሚሰጠውን የክፍያ ዋስትና፣ በአዲሱ ዋጋ ዘጋሁ። ዋጋ የሚቆልፍልኝ ውል ሊመጣ ሲል ጣሪያ ትላላችሁ?

የቀድሞው ኦዲተር፦ ማን ይከልከል አለ? ላንተ የቆለፈውን ዶላር ባንኩ በሌላ በኩል ገዝቶ ካልሸፈነ ብር ሲወድቅ ኪሳራው የኛ ነው። የውሉም ሙሉ መጠን ከሒሳብ ሚዛን ውጭ ስለሚያዝ ቀድመን አናየውም። እንዲህ ባለው ውል አለመጠቀሙም ያጠፋል፤ በ2023 እ.ኤ.አ. የወደቀው የአሜሪካው ሲሊከን ቫሊ ባንክ ከወለድ ለውጥ የሚከላከሉለትን ውሎች አብዛኞቹን ቀደም ብሎ አስወግዶ ነበር። ጣሪያው ስንት እንደሚሆን የሚያሳይ ሠንጠረዥ ማን ይሠራል?

ወጣቱ አባል፦ እኔ፣ እስከ ማክሰኞ።

ነባሯ አባል፦ ፊርማው ለምን በአክሲዮን ብዛት ተደረደረ? ባንኩ ስም ሳይኖረው ገንዘባችንን ያመጣን ሰዎች ከታች?

አስመጪው፦ ብዙ ያዋጣ ይቅደም።

ነባሯ አባል፦ ያኔ የት ነበርክ?

ገንዘብ ያዥ፦ በፊደል ተራ ይሁን።

ነባሯ አባል፦ አይሆንም። ስሜን ሰርዙ።

አስመጪው፦ እኔንም።

ፀሐፊ፦ እትዬ፣ እባክዎ። ሁለታችሁ ከወጣችሁ ሐሳቡን ለማቅረብ የሚበቃ ድርሻ አይኖረንም።

ነባሯ አባል፦ በተመዘገብንበት ቀን ከሆነ እፈርማለሁ።

አስመጪው፦ ጣሪያው ከወጣ እኔም።

የቀድሞው ኦዲተር፦ ማክሰኞ አለፈ። ሠንጠረዡስ?

ገንዘብ ያዥ፦ ስልኩን አያነሳም። ከተሰበሰብን አይቀር የትርፍ ድርሻ የሚከፈልበት ቀንም ይግባ፤ አምና ዘግይቷል።

ፀሐፊ፦ አዲሱ ረቂቅ፦ 1ኛ የትርፍ ድርሻ መክፈያ ቀን፣ 2ኛ የሩብ ዓመት መግለጫ፣ 3ኛ ጣሪያው በቦርዱ ይጠና።

የቀድሞው ኦዲተር፦ የሥራ ክፍፍሉ የት ገባ? እሱ ሳይመለስ አልፈርምም።

ነባሯ አባል፦ የምዝገባውን መዝገብ ማን ያመጣል?