የላይኪፒያ የአውራሪስ ጉዞ፦ የጋራ ሐሳባችንን ለማርቀቅ የተከፈተ ውይይት

ሰብሳቢ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አውራሪሶቹን በመመዝገብ እንድናግዝ ለጥብቅ ሥፍራው ደብዳቤ ከመላካችን በፊት እዚህ እንጨርስ። መነሻ ረቂቄ፦ 8 ሰው፣ 2 መኪና፣ 10 ቀን። ቦታው ኬንያ፣ ላይኪፒያ አምባ ላይ ያለው የኦል ፔጄታ ጥብቅ ሥፍራ። ስፋቱ 360 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከ100 በላይ ጥቁር አውራሪስ አለው፣ የደቡብ ነጭ አውራሪስም አለ። በዓለም የቀሩት ሁለቱ የሰሜን ነጭ አውራሪሶች፣ ናጂንና ፋቱ፣ እዚያው በተለየ አጥር ስለሚጠበቁ ቆጠራችን ውስጥ አይገቡም። ወቅቱን ከጥር አጋማሽ እስከ የካቲት አጋማሽ ብያለሁ። የሚቃወም ይናገር።

የፎቶ ክፍል፦
የናሚቢያው ኤቶሻ ብሔራዊ ፓርክ ለምን ቀረ? እዚያ ኦካኩዌዮ የሚባለው ካምፕ ላይ ውሃው ዳር ሌሊቱን መብራት አለ። ጥቁር አውራሪስ ራሱ መጥቶ ይጠጣል፤ የኛ ሥራ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ብቻ ነው።

የመረጃ ክፍል፦
ለማየት ከሆነ እውነትዎን ነው፣ ኤቶሻን የሚያህል የለም። ግን ከአጥር ወዲህ ተቀምጠን የምናየው እኛ ብንቀርም የሚታይ ነው። ላይኪፒያ ላይ በቁጥቋጦ ውስጥ ስለሚሰወር ተጨማሪ ዓይን ዋጋ አለው። ጥቁር አውራሪስ እ.ኤ.አ. በ1970 ገደማ 65,000 ነበር፤ በ1990ዎቹ አጋማሽ ከ2,500 በታች ወረደ። አሁን እንዲያገግም እያንዳንዷ እናት መቼ እንደወለደች በስሟ መታወቅ አለበት። «ዛሬ 12 አየን» ለጥብቅ ሥፍራው ሰዎች ምንም አይደለም፤ የሚፈልጉት «ይህችን አየን፣ ግልገሏ ይህን ያህላል» የሚለውን ነው።

አንድ ነገር ግን፣ ሰብሳቢ፦ «ጥር» ያሉት በየትኛው አቆጣጠር ነው? የኛ ጥር ጃንዋሪ 9 ገደማ ነው የሚጀምረው። ደብዳቤው ላይ በፈረንጆቹ ይጻፍ።

ሰብሳቢ፦
በኛው ነው ያልኩት። ታርሟል፦ ከጃንዋሪ 23 በኋላ።

የጉዞ ጉዳይ፦
ወቅቱን እደግፋለሁ። ሜዳው ዋልካ አፈር ነው። ዝናብ ከጣለ ጎማው ጭቃ ለብሶ እንደ ድቡልቡል ድንጋይ ይሆናል፤ በአራቱም ጎማ የሚነዳ መኪና ሳይቀር ይቀበራል፣ የቆፈርነውም ጎዳና ለወራት ይቀራል። ስለዚህ ዝናብ በጣለ ማግስት ከጠጠር መንገድ አንወርድም። በደረቅ ወቅት ሣሩ ዝቅ ይላል፣ እንስሳውም ወደ ውሃ ይሰበሰባል።

የመጀመሪያውን ቀን ናይሮቢ ብሔራዊ ፓርክ ላይ ለልምምድ ስጡኝ። 117 ካሬ ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፣ ሁለቱም ዓይነት አለበት። የምዝገባ ቅጹን እዚያ አበላሽተን ብንማር ይሻላል። ከዚያ ለኦል ፔጄታ ቅርብ ወደሆነችው ናንዩኪ ከተማ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ነው።

ዕቃ፦ ፌስታል አትያዙ፤ ኬንያ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ከልክላለች። ከጁን 2020 ወዲህ ደግሞ በጥበቃ ቦታዎች ውስጥ አንዴ ተጠቅመው የሚጥሉት የፕላስቲክ ጠርሙስም አይገባም። የብረት ኮዳ ያዙ። የወታደር ዥንጉርጉር ልብስ በፍጹም፤ ቦታውን የሚጠብቁት የታጠቁ ሰዎች ናቸው። ድሮንም ይቅር።

የእንስሳት ሐኪም፦
ስለ ልየታ ልበል፤ ሁሉ ነገር የሚቆመው እዚህ ላይ ነው። ቀለም አይታመንም፤ ሁለቱም ግራጫ ናቸው፣ የሚታየው የተንከባለሉበት ጭቃ ነው። ከንፈር እዩ። ጥቁሩ የላይ ከንፈሩ ሾጠጥ ብሎ ቅጠል ይጠቀልላል፣ ነጩ አፉ ሰፊና ጠፍጣፋ ሆኖ ሣር ያጭዳል። እናትና ግልገል ሲሸሹ የነጭ ግልገል ከፊት ይቀድማል፣ የጥቁር ከኋላ ይከተላል። ፋንድያውን በእንጨት በተን ብታደርጉት የጥቁሩ በሰያፍ የተቆረጡ ጭራሮዎች ይኖሩታል፣ በመቀስ የተቀነጠሱ ይመስላሉ። የነጩ የደቀቀ ሣር ነው።

እያንዳንዱን እንስሳ ለመለየት ዋናው የጆሮ ቅድ (ለመለያ ሆን ተብሎ የሚቀደድ ምልክት) ነው። በጆሮ ጠርዝ ላይ እያንዳንዱ ቦታ የራሱ ቁጥር አለው፤ ተደምሮ የእንስሳው መለያ ይሆናል። ስህተቱ የሚመጣው ከግራና ቀኝ ነው። ፊት ለፊት ሲያያችሁ የእንስሳው ግራ ጆሮ በናንተ ቀኝ በኩል ነው። አንድ ጆሮ ተገልብጦ ከተጻፈ ሌላ እንስሳ ተወለደ ማለት ነው። ቅድ የሌላቸውን በቀንድ ቅርጽ፣ በጆሮ መተልተልና በአፍንጫ ላይ ባለው የቆዳ ሽብሽብ እንለያለን። ለዚህ የሁለቱም ጎንና የፊት ለፊት ፎቶ ያስፈልጋል።

ዕድሜ ከሀ እስከ ረ በስድስት ደረጃ ይመደባል፦ እስከ 3 ወር፣ እስከ 1 ዓመት፣ እስከ 2፣ እስከ 3 ዓመት ተኩል፣ እስከ 7፣ ከዚያ በላይ። ግልገሉን ከእናቱ ቁመት ጋር አነጻጽሩ። ትከሻው ከሆዷ በታች ከሆነ የመጀመሪያው ደረጃ ነው።

የመረጃ ክፍል፦
ዶክተር፣ ደረጃዎቹን በቅጹ ላይ በጥብቅ ሥፍራው ሰዎች ፊደል (ከA እስከ F) እናስቀምጥ እንጂ በ«ሀ» አይሁን፤ የሚያነቡት እነሱ ናቸው። የቀረው የቅጹ ነገር፦

ሰዓት በ24 ቁጥር ብቻ፣ 06:40 እየተባለ። ይህን በተለይ ለኛ ነው የምለው። የስዋሂሊ ተናጋሪ ስካውት (የጥብቅ ሥፍራው ጠባቂ) «ሳ ሞጃ» ሲል እንደኛው አንድ ሰዓት ማለቱ ነው፤ በእንግሊዝኛ ሲነግራችሁ ግን ሰባት ይላል። በቃል የተቀበልነውን ሳናጣራ ከጻፍን የስድስት ሰዓት ስህተት ይገባል፣ የጠዋቱ እይታ እኩለ ሌሊት ላይ ይወድቃል።

ጂፒኤስ የሚያሳየው የመኪናውን ቦታ እንጂ የእንስሳውን አይደለም። የመኪናውን ቦታ፣ የኮምፓስ አቅጣጫና ርቀት ሦስቱንም ጻፉ። ርቀቱን በሌዘር መለኪያ፤ በዓይን ግምት 80 ሜትር የተባለው 150 ሆኖ ይገኛል።

ጠዋት ስትወጡ እያንዳንዱ ካሜራ የጂፒኤሱን ሰዓት ፎቶ ያንሳ። የካሜራው ሰዓት ቢዛባ እንኳ ማታ ልዩነቱ ይሰላል።

ደግሞ ምንም ያልታየበት ዙር ይጻፍ። ስንት ሰዓት፣ ስንት ኪሎ ሜትር፣ ዜሮ። ዜሮ ካልተጻፈ «አላየንም» እና «አልሄድንም» አይለዩም። በሁለት መኪና አንዱን እንስሳ ሁለቴ እንዳንቆጥር አካባቢውን በውስጡ በሚያልፈው ወንዝ ለሁለት እንክፈል። በእርሳስ ጻፉ፤ ስክሪብቶ እርጥበት ሲነካው ይፈሳል።

የፎቶ ክፍል፦
በኤቶሻ ተሸንፌያለሁ። በፎቶ በኩል ግን አልሸነፍም፦ ከ400 ሚሊ ሜትር ያነሰ ሌንስ ለቅድ አይበቃም። ካሜራ ትራፕ (እንስሳ ሲያልፍ ራሱ ፎቶ የሚያነሳ ካሜራ) እንድንተክል ከፈቀዱልን ፊቱን ወደ ምሥራቅም ወደ ምዕራብም አናድርገው፣ ፀሐይ ያሳውረዋል። ከፊቱ ያለውን ሣር እንጨድ፤ ነፋስ ያወዛወዘው ሣር በአንድ ቀን ሚሞሪ ካርዱን ይሞላል። የብረት ሣጥን የግድ ነው፣ ዝሆን ይነቅለዋል፣ ጅብ ያኝከዋል።

የሁላችሁም ስልክና ካሜራ የቦታ ምዝገባው ይጥፋ። የአውራሪስ ፎቶ ከነቦታው ከወጣ ለአዳኝ ካርታ መስጠት ነው። ወደ ቤት ከተመለስንም በኋላ ቢሆን «እዚህ ጋ» የሚል ነገር አይለጠፍ።

የጉዞ ጉዳይ፦
በእግር መሄድስ? ብዙዎች ጠይቀውኛል።

የእንስሳት ሐኪም፦
የጥብቅ ሥፍራው ሰዎች ከፈቀዱ ብቻ፣ በታጠቀ ስካውት፣ ከ4 ሰው ያልበለጠ። የአውራሪስ ዓይን ደካማ ነው፣ 30 ሜትር ላይ ዝም ብሎ የቆመን ሰው ይስታል። አፍንጫውና ጆሮው ግን አይስቱም። ስለዚህ በቀጭን ጨርቅ የታሰረ አመድ ይያዝ፤ በየጥቂት ደቂቃው ነካ ሲደረግ ብናኙ ወዴት እንደሚሄድ ያሳያል። ወደ እንስሳው ከሄደ ዞሮ መምጣት ነው። ጀርባው ላይ ያሉትን መዥገር ለቃሚ ወፎችም ተመልከቱ፤ ስዋሂሊው «አስካሪ ዋ ኪፋሩ» ይላቸዋል፣ የአውራሪስ ዘበኛ ማለት ነው። እነሱ ጮኸው ከተነሱ ታውቋል።

በመኪናም ቢሆን ራሱን ቀና አድርጎ ሁለቱም ጆሮ ወደናንተ ከዞረ ሞተር ይጥፋ። ጅራቱን ከጠቀለለ ሊሮጥ ነው፤ አትከተሉት። በ50 ሜትር እንወሰን፤ የነሱ ደንብ ከዚህ ከበለጠ የነሱ ይጸናል። የፋንድያ ናሙና ከጠየቁን ብቻ፣ ከትኩሱ ላይኛው ሽፋን ይፋቃል፣ እዚያው ይቀራል። ናሙናውን ያለ ፈቃድ ድንበር አናሻግርም።

ጸሐፊ፦
እስካሁን የተስማማንበትን ወደ ደብዳቤው እንዲህ አስገብቼዋለሁ፦

«8 ሰዎች ነን፣ 2 መኪና እናመጣለን፣ ለ9 ቀን በእናንተ ቅጽ በቀን ሁለት ዙር፣ ከ06:00 እስከ 10:00 እና ከ16:00 እስከ 18:30 እንመዘግባለን። ቅጹና ፎቶው በየማታው ለእናንተ ይሰጣል፤ ቦታ የሚገልጽ ቅጂ አናስቀርም። የትኞቹን እንስሳት መከታተል እንደቸገራችሁ ብትነግሩን እነሱን እናስቀድማለን። ሥራው የምርምር ፈቃድ የሚያስፈልገው ከሆነ ለኬንያ ብሔራዊ የሳይንስ፣ ቴክኖሎጂና ኢኖቬሽን ኮሚሽን ቀድመን እናመለክታለን።»

የመረጃ ክፍል፦
ጥሩ ነው። «በእናንተ ቅጽ» የሚለው እንዳይወጣ። የራሳችንን የምናዘጋጀው ለናይሮቢው ልምምድ ብቻ ነው።

የእንስሳት ሐኪም፦
በልምምድ ቅጹ ላይ ካለው የጆሮ ሥዕል ሥር «የእንስሳው ግራ» ተብሎ በትልቁ ይጻፍ። ከቀኝ በኩልም እንደዚያው።

ሰብሳቢ፦
እስከ ዓርብ ተቃውሞ ካልመጣ ይላካል።