ከመጨረሻው ውጤት ጀርባ ምን ልይ? የኮሌጅ ፉትቦል ውርርድ ጥያቄና መልስ

የቅዳሜ ልጅ (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)፦

ሰላም ለሁላችሁ። አገር ቤት እያለሁ ከእግር ኳስ ሌላ አላውቅም ነበር። እዚህ ከመጣሁ በኋላ የሥራ ባልደረቦቼ ኮሌጅ ፉትቦል (የዩኒቨርሲቲዎች የአሜሪካ ፉትቦል) አስለመዱኝ። አሁን ቅዳሜ ከቀትር እስከ እኩለ ሌሊት ከቴሌቪዥኑ ፊት አልነሳም። በስልኬም ትንሽ ትንሽ እወራረዳለሁ። አብዛኛውን ጊዜ በስፕሬድ ነው፤ ማለትም ጠንካራው ቡድን በስንት ነጥብ ይበልጣል በሚለው።

የምሠራው እንዲህ ነው። በየሳምንቱ የጨዋታዎቹን ውጤት ደብተር ላይ እጽፋለሁ። 38 ለ 10 ያሸነፈውን ቡድን በሚቀጥለው ሳምንት እይዘዋለሁ። ትንሽ ቡድን ያስቸገረውን ትልቅ ቡድን እተወዋለሁ። ያለፈውን ወቅት በሙሉ እንዲህ አድርጌ ተበላሁ። ጓደኛዬ «አንተ ውጤቱን ብቻ ነው የምታየው፤ ውስጡን አታይም» አለኝ። ውስጡ ማለት ምንድን ነው? የጨዋታውን ዝርዝር ስከፍተው ቁጥሩ መዓት ነው። ከየቱ ልጀምር?

አባ ቁጥር (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)፦

ወንድሜ፣ ጓደኛህ እውነቱን ነው። ደብተርህን ግን አትጣለው፤ ዓምድ ጨምርበት።

አንድ ጨዋታ ላሳይህ። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 2018 ኦክላሆማ አርሚን (የአሜሪካ ጦር አካዳሚ ቡድንን) በሰፊ ልዩነት ያሸንፋል ተብሎ ይጠበቅ ነበር። መደበኛው ሰዓት 21 ለ 21 አለቀ። ኦክላሆማ በጭማሪ ሰዓት 28 ለ 21 አሸንፎ ለጥቂት ተረፈ። ያንተ ደብተር ይሄን «ደካማ ኦክላሆማ» ብሎ ነው የሚመዘግበው። ውስጡን ስታይ ግን አርሚ ኳሷን ከ44 ደቂቃ በላይ ይዟታል። ጨዋታው 60 ደቂቃ ነው። እየሮጡ፣ ትንሽ ትንሽ እየገፉ፣ ሰዓቱን በሉት። ኦክላሆማ የደረሰው 40 ፕሌይ (የማጥቃት ሙከራ) ብቻ ነው። በነዚያ 40 ፕሌዮች 355 ያርድ ሄደ። ለአንድ ፕሌይ ወደ 9 ያርድ ይደርሳል፤ ይሄ በጣም ትልቅ ቁጥር ነው። አርሚ በበኩሉ ከ5 ያርድ በታች ነበር። የኦክላሆማ ማጥቃት አልደከመም፤ ኳስ የሚይዝበት ጊዜ ነው ያጣው። በሳምንቱ ቤይለርን 66 ለ 33 አሸነፈ።

ዝርዝሩ ሌላም ነገር ነግሮናል። የኦክላሆማ መከላከል አርሚን ከሜዳ ማስወጣት አልቻለም ነበር። ያም እውነተኛ ችግር ነበር። በኦክቶበር ቴክሳስ 48 ለ 45 ሲያሸንፋቸው የመከላከሉ አሰልጣኝ ከሥራ ተሰናበተ። ስለዚህ ከአንዱ ውጤት ውስጥ ሁለት የተለያዩ ወሬዎች ወጡ፤ አንዱ ጥሩ፣ አንዱ መጥፎ። የምፈልግብህም ይሄንኑ ነው። መጀመሪያ ያርድ በፕሌይ፣ ለሁለቱም ቡድን።

ቀጥሎ የጠፋ ኳስ። እዚህ ላይ ጠንቀቅ በል። ይቺ ኳስ ክብ አይደለችም። መሬት ስትነካ ወዴት እንደምትዘል ማንም አያውቅም። ተጫዋች መትቶ ኳስ ማስጣል ችሎታ ሊሆን ይችላል። የወደቀችውን ማን ያነሳታል የሚለው ግን ዘውድና ጎፈር ነው ማለት ይቻላል። አንድ ቡድን የወደቁትን አራቱንም ኳሶች አንስቶ በ17 ነጥብ ካሸነፈ፣ በሚቀጥለው ሳምንት አራቱንም ያነሳል ብለህ ገንዘብህን አታስይዝ።

የኮሎምበሷ (ኦሃዮ)፦

አባ ቁጥር ጥሩ ጀምሮልሃል። ያርድ በፕሌይ ብቻውን ግን ያታልላል። አንድ ልጅ አምልጦ 75 ያርድ ከሮጠ የቡድኑ አማካይ ይነፋል። የቀረው ፕሌይ ሁሉ ባዶ ሊሆን ይችላል።

እኔ ጨዋታ ሳይ እስክሪብቶ ይዤ ነው። እያንዳንዱን ፕሌይ «ተሳካ» ወይም «አልተሳካም» እያልኩ እቆጥራለሁ። መለኪያው ብዙ ሰው የሚጠቀምበት ነው። አጥቂው 10 ያርድ ለመሄድ አራት ሙከራ አለው፤ እያንዳንዱ ሙከራ ዳውን ይባላል። በ1ኛ ዳውን ከሚያስፈልገው ያርድ ግማሹን ካገኙ ተሳካ። በ2ኛው 70 በመቶውን። በ3ኛውና በ4ኛው ሙሉውን። መጨረሻ ላይ የተሳካውን ለጠቅላላው ፕሌይ አካፍል። ሳምንት ከሳምንት እምብዛም የማይዋዥቀው ይሄ ቁጥር ነው። ትልቁ ሩጫ ይመጣል ይሄዳል።

የሩጫ ያርድ ስታይ ደግሞ አንድ ነገር እወቅ። በኮሌጅ ኳርተርባኩ (ኳስ የሚወረውረው ተጫዋች) ኳስ እንደያዘ ተይዞ ሲወድቅ የጠፋው ያርድ ከሩጫ ላይ ነው የሚቀነሰው። በኤንኤፍኤል (በፕሮፌሽናሉ ሊግ) ግን ከቅብብል ላይ ይቀነሳል። ስለዚህ «ይሄ ኮሌጅ 60 ያርድ ብቻ ነው የሮጠው» ሲባል ቶሎ አትመን። ሯጮቹ 100 ሮጠው ኳርተርባኩ 40 አጥቶ ይሆናል። ያኔ የታመመው ሩጫው ሳይሆን ኳርተርባኩን የሚጠብቀው መስመር ነው።

ያለቀለት ጨዋታም አለ። 35 ለ 7 እየመሩ አራተኛው ሩብ ላይ ተቀያሪዎች ይገባሉ። ተሸናፊው በነሱ ላይ ሁለት ተችዳውን (ኳሱን ጎል መስመር አሳልፎ የሚገኝ ትልቁ ነጥብ) ያስቆጥርና 35 ለ 21 ያልቃል። ደብተርህ ላይ ተቀራራቢ ጨዋታ ይመስላል። እኔ ያንን ክፍል ሙሉ በሙሉ አወጣዋለሁ።

ጠቅላላ ነጥብ ላይ የምትወራረድ ከሆነ ጭማሪ ሰዓቱን ለይ። በ2018 ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ኤልኤስዩን (ሉዊዚያና ስቴትን) 74 ለ 72 አሸነፈ። ቁጥሩን ብቻ ያየ ሰው መከላከል የሚባል ነገር አልነበረም ይላል። መደበኛው ሰዓት ያለቀው 31 ለ 31 ነው። የቀረው የመጣው ከሰባት ጭማሪ ዙር ነው፤ እዚያ ደግሞ እያንዳንዱ ቡድን ከ25 ያርድ ላይ ነበር የሚጀምረው። በ2021 ደንቡ ስለተቀየረ አሁን ከሦስተኛው ዙር ጀምሮ የሁለት ነጥብ ሙከራ ብቻ ነው። ከ2023 ወዲህም ፈርስት ዳውን (10 ያርዱን ሞልቶ አዲስ አራት ሙከራ) ሲገኝ ሰዓቱ አይቆምም፤ የሚቆመው በየአጋማሹ የመጨረሻ ሁለት ደቂቃ ብቻ ነው። የድሮ ነጥብን ከአሁኑ ጋር ስታወዳድር ይሄን አትርሳ።

የቅዳሜ ልጅ፦

እግዜር ይስጥልኝ። ትናንት ማታ ቁጭ ብዬ አንድ ጨዋታ ሞከርኩ። በ2022 የመጨረሻ ቀን ቲሲዩ (ቴክሳስ ክርስቲያን ዩኒቨርሲቲ) ሚሺገንን 51 ለ 45 ያሸነፈበትን። ያኔ ገንዘብ አጥቼበታለሁና አልረሳውም። በያርድ ሚሺገን 528፣ ቲሲዩ 488 ነው። ሚሺገን ሁለት ጊዜ የወረወረው ኳስ ተጠልፎ ቀጥታ ተችዳውን ሆኖበታል። ሁለት ጊዜ ደግሞ ጎል መስመሩ አፍንጫ ላይ ደርሶ ያለ ነጥብ ተመልሷል፤ አንዱ ላይ ኳሱ ወደቀ። ከዚያ ቲሲዩ ለዋንጫ አልፎ በጆርጂያ 65 ለ 7 ተሸነፈ። እኔ ለዋንጫው ቲሲዩን ይዤ ነበር፤ «ሚሺገንን ያሸነፈ!» ብዬ። አሁን በትክክል እያነበብኩት ነው?

አባ ቁጥር፦

አነባበብህ ጥሩ ነው። ጎል መስመሩ ላይ መጨናገፉን ማየትህ ደስ ብሎኛል። አንድ ዓምድ እሱ ነው፦ ወደ ጎል ቀርበው ስንት ነጥብ ይዘው ተመለሱ? በጨዋታ ስድስት ጊዜ ደርሶ ሁለቴ ባዶ እጅ መመለስ ከሦስት ሳምንት በላይ ሲደጋገም ካላየህ በስተቀር ጠባይ ነው አትበል።

የዳላሱ ሽማግሌ፦

ልጄ፣ አልከፋህ እንጂ አንድ ነገር ልበል። መልሱን ካወቅህ በኋላ ማንበብ ቀላል ነው። ጆርጂያ 65 እንደሚያስቆጥር አውቀህ ነው ወደኋላ የተመለስከው። እኔ ተቃራኒውን ልንገርህ፤ እኔው ራሴ የተጎዳሁበትን።

ነብራስካ በ2021 3 አሸንፎ 9 ተሸነፈ። ዘጠኙም ሽንፈት በ9 ነጥብ ወይም ከዚያ በታች ነው። እንዲያውም በወቅቱ ካስገቡበት ይልቅ ያስገባው በ63 ነጥብ ይበልጣል። ዝርዝር አንባቢው ሁሉ «ዕድለ ቢስ ቡድን ነው፤ በሚቀጥለው ዓመት ይገለበጣል» አለ። እኔም አልኩ። ኦገስት 2022 ደብሊን፣ አየርላንድ ላይ ከኖርዝዌስተርን ጋር ወቅቱን ከፈቱ። ያን ኖርዝዌስተርን ባለፈው ዓመት 56 ለ 7 ደቁሰውታል። 28 ለ 17 እየመሩ 31 ለ 28 ተሸነፉ። በሴፕቴምበር አሰልጣኙ ተባረረ። ወቅቱን 4 አሸንፈው 8 ተሸንፈው ጨረሱ።

የት ላይ ተሳሳትኩ? ያቺን 63 ነጥብ አልፈታኋትም። ሦስቱ ድሎች 52 ለ 7፣ 28 ለ 3 እና 56 ለ 7 ነበሩ፤ በድምሩ 119 ነጥብ ብልጫ። ዘጠኙ ሽንፈቶች ሲደመሩ 56 ነጥብ ጉድለት ናቸው። ብልጫው ሁሉ የመጣው ከሦስት ቅዳሜዎች ነው። ጥሩ ቡድን ላይ ምንም አላሳየኝም። በዚያ ላይ በጠባብ መሸነፍ ሁሉ ዕድል አይደለም። ኳስ መቺው የሚስትበት፣ ሰዓት የሚያባክን፣ በወሳኙ ሰዓት የሚርበተበት ቡድን አለ።

ኖርዝዌስተርንስ? ከዚያ ድል በኋላ የቀሩትን 11 ጨዋታዎች በሙሉ ተሸነፈ። ነብራስካን ያሸነፈ ብሎ የያዘውም፣ ነብራስካን የተሟገተለትም እኩል ተጎዳ።

የኮሎምበሷ፦

ጋሼ ልክ ነዎት፤ ይሄን እኔም መጨመር ነበረብኝ። በሌላ በኩል በተአምር ማሸነፍ ሁሉ ዕድል አይደለም። በ2015 ሚሺገን ስቴት ሚሺገንን 27 ለ 23 ያሸነፈው በመጨረሻው ሰከንድ ሚሺገን ፐንት ሊመታ (ኳሷን በእግሩ ርቆ ወደ ተጋጣሚው ሊልክ) ሲል ኳሷ ስላመለጠች ነው። ሰው ሁሉ «ሰረቁ» አለ። ያርዱ ግን 386 ለ 230 ነበር፤ ለሚሺገን ስቴት። ተአምሩ የተሻለ የተጫወተውን ነው ያዳነው።

ሒሳብ ሠራተኛዋ (ሲያትል)፦

ሁላችሁም ስለ ጨዋታው አወራችሁ፤ እኔ ስለ ዋጋው ልናገር። በስፕሬድ ላይ የተለመደው ዋጋ 10 ለማግኘት 11 ማስያዝ ነው። 100 ጊዜ ተወራርደህ 50 ብታሸንፍ 500 ዶላር ታገኛለህ፤ በ50ው ሽንፈት 550 ይሄዳል። እኩል አሸንፈህ 50 ዶላር ከስረሃል። ላለመክሰር ብቻ 52.4 በመቶ ማሸነፍ አለብህ።

ሌላው ነገር፣ አንተ የምታየውን ያርድ አወራራጆቹም ያያሉ። እሑድ ስፕሬድ ሲያወጡ ከውስጡ አውጥተው ነው። የቲሲዩን ዕድል እነሱም አይተውታል፤ ለዚህ ነው ጆርጂያ ወደ ሁለት ተችዳውን በሚጠጋ ብልጫ ተመራጭ የነበረው። ስለዚህ ጥያቄህ «የትኛው ይሻላል?» መሆን የለበትም። «ስፕሬዱ የተጋነነው ወዴት ነው?» ነው። መጀመሪያ የራስህን ስፕሬድ ጻፍ፤ ከዚያ የነሱን እይ። የተወራረድክበትን ቁጥርና ጨዋታው ሊጀመር ሲል የነበረውንም መዝግብ። አንተ ጠንካራውን ቡድን በ6 ይዘህ በ8 የሚዘጋ ከሆነና ይሄ ከተደጋገመ፣ ዓይንህ እየሠራ ነው።

የቤት ኪራይና ለቤተሰብ የሚላከውን ገንዘብ ከዚህ አርቅ። የጠፋውን ለማስመለስ መጠኑን መጨመር ከጀመርክ ወይም ከባለቤትህ ከደበቅክ 1-800-426-2537 ደውል። ነፃ ነው፤ በምስጢር ያነጋግሩሃል።

የቅዳሜ ልጅ፦

እህቴ፣ መደበቅ ላይ አልደረስኩም፤ ግን ስልኩን ይዣለሁ። አንድ ነገር ልጠይቅ። ገንዘብ ሳላስይዝ ልለማመድ ብል በየትኞቹ ቡድኖች ልጀምር?

አባ ቁጥር፦

መልሱ ደጅህ ላይ ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ በግዛቲቱ ኮሌጆች ጨዋታ ላይ መወራረድ በሕግ ተከልክሏል። ቨርጂኒያ ቴክ፣ የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ ጄምስ ማዲሰን፣ ሊበርቲ፣ ሁሉም። ብትፈተንም ስልክህ አይፈቅድልህም። አራቱን ያዝ። እያንዳንዱን ጨዋታ ከነጭማሪው እይ፤ ያርድ በፕሌይ፣ የተሳካ ፕሌይ፣ ጎል ስር ያገኙትን ነጥብ፣ የወደቀውን ኳስና ማን እንዳነሳው ጻፍ። ሐሙስ የራስህን ስፕሬድ አውጣ። ወቅቱ እስኪያልቅ በሌላም አትወራረድ።

የቅዳሜ ልጅ፦

ተስማማሁ። ደብተሩን አሰምሬያለሁ። የዳላሱ ጋሼ ታሪክ እንዳስተማረኝ ለተጋጣሚው ጥንካሬም አንድ ዓምድ ጨምሬያለሁ። የመጀመሪያውን ቅዳሜ በቨርጂኒያ ቴክ እጀምራለሁ፤ ማታውኑ ቁጥሮቹን እዚህ አስቀምጣለሁ፣ የተሳሳትኩትን አርሙኝ።