ውስጡ የዛገ የፔሌት ምድጃ አድሼ ልሽጠው ወይስ ይቅርብኝ?

ብረት_ወዳድ፦
ሰላም ጓደኞች፣ አንድ ነገር ላማክራችሁ። ያገለገለ የፔሌት ምድጃ (ከሰጋቱራ ተጨምቆ የተሠራ ትንንሽ የእንጨት እንክብል የሚያነድ) በርካሽ አገኘሁና አድሼ እሸጠዋለሁ ብዬ ገዛሁት፣ ከውጭ ሲያዩት ምንም አይልም፣ መስታወቱም ደህና ነው፣ በሩን ስከፍተው ግን ውስጡ ከላይ እስከ ታች ዝጓል። የጀርባውን ግድግዳ በጥፍሬ ስነካው ዝገቱ እንደ ቅርፊት እየተላጠ እጄ ላይ ቀረ። ፔሌቱ የሚሞላበት ሳጥን ውስጥ ደግሞ የድሮው ባለቤት የተወው ፔሌት እርጥበት ጠጥቶ አብጦ ሰጋቱራ ሆኗል፣ ፔሌቱን የሚገፋው ጠመዝማዛ ብረትም ደርቆ አልዞር ብሏል። ሶኬት ላይ ስሰካው ስክሪኑ ይበራል፣ የጭሱ ቬንትሌተርም ይዞራል። በሽቦ ብሩሽ ፈግፍጌ እሳት የሚችል ጥቁር ቀለም ልቀባው ነበር ግን የሚገዛው ሰው ቤቱ ውስጥ ልጆቹ አጠገብ የሚያነደው ነገር ስለሆነ ልቤ አልረጋም። ምን ትሉኛላችሁ?

የእሳት_ዳር፦
ወንድሜ ቀለሙን ለጊዜው እርሳው። መጀመሪያ ማወቅ ያለብህ ዝገቱ ቆዳ ብቻ ነው ወይስ ላሜራውን በልቶታል የሚለውን ነው። ከሶኬት ንቀለውና አመዱን በሙሉ አውጣ፣ በቤት ቫኪዩም ግን አይደለም፣ የአመድ ብናኝ ፊልትሩን አልፎ ቤቱን ይሞላዋል። ማስክ አድርግ። ከዛ ዝገቱን ፈግፍገህ በካቻቪቴ ጫፍ እያንዳንዱን ጥግ ጠቅ ጠቅ አድርገው፣ በተለይ ከታች አመድ የሚጠራቀምበትን፣ አመድ እርጥበት ስለሚስብ ብረቱን ቶሎ የሚበላው እዛ ጋ ነው። ጤነኛ ብረት ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጥሃል፣ የተበላው ይሰረጉዳል። ማታ ክፍሉን አጨልመህ ጠንካራ ባትሪ እሳቱ ቤት ውስጥ አስቀምጥና በጀርባ በኩል እይ፣ የመርፌ ቀዳዳ እንኳን ቢኖር ብርሃኑ ይነግርሃል።

ብየዳ_ቤት፦
ቀዳዳ ቢኖርስ ምን ችግር አለው ይበየዳል እኮ። እኔ ብዙ በይጃለሁ። ግድግዳው ወፍራም ከሆነና ዙሪያው ጤነኛ ብረት ከሆነ ላሜራ ቆርጠህ መለጠፍ ይቻላል። ጊዛ (ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ብረት) ከሆነ ግን አትሞክረው፣ ይሰነጠቃል።

የእሳት_ዳር፦
ብየዳ ቤት ልክ ነህ ግን እሱ ያለው እንደ ቅርፊት ይላጣል ነው፣ እንደዛ የሳሳ ላሜራ ላይ አንዱን ቀዳዳ ስትዘጋ አጠገቡ ሌላ ይከፈታል። ደግሞ ይሄን ልብ በሉ፣ የፔሌት ምድጃ ሲሰራ የጭሱ ቬንትሌተር አየር ወደ ውጭ ስለሚስብ ቀዳዳ ቢኖርም ጭስ ወደ ክፍሉ አይወጣም፣ አየር ነው ወደ ውስጥ የሚገባው፣ እሳቱ ትንሽ ሰነፍ ይላል እንጂ ገዢው ፊት ስታበራው ደህና ይመስላል። ሌሊት መብራት ሲጠፋ ግን ቬንትሌተሩ ይቆማል እሳቱ ግን ገና አለ፣ ያኔ ካርቦን ሞኖክሳይዱ፣ ሰው የሚገድለው ጋዝ፣ በዛች ቀዳዳ ሰው ወደተኛበት ይገባል፣ ሽታም የለው። ለዚህ ነው "በራልኝ" ብሎ መሸጥ የማይበቃው።

ሰላም_ጓዳ፦
ብረቱ ጤነኛ ከሆነልህ ቀሪው ትዕግስት ብቻ ነው። ያበጠው ፔሌት ላይ ውሃ እንዳታፈስ፣ ይብስ ያብጣል። ሞተሩን ከጠመዝማዛው ፈተህ ሰጋቱራውን እየቆፈርክ አውጣና በእጅህ እስኪዞር ሞክረው፣ ሳይለቅ በሞተር ካስገደድከው ሞተሩ ይቃጠላል። የበሩን ገመድ ጓርኒሲዮን ለማየት ወረቀት አስገብተህ በሩን ዝጋና ሳበው፣ ያለ ምንም ትግል ከወጣ ገመዱ ሞቷል ቀይረው። ቀለም እሳት በቀጥታ የሚያርፍበት ስኒ ላይ አይቀባም፣ ሌላው ላይ ስስ አድርገህ ቀባ፣ መጀመሪያ ስታነደው ይጨሳል ይሸታል፣ ውጭ አንድደው ወይ መስኮት ክፈት። እና ውሃው ከየት እንደገባ ፈልግ፣ ብዙ ጊዜ ቆብ የሌለው ጭስ ማውጫ ነው ዝናቡን የሚያወርደው፣ ለገዢውም ንገረው አለበለዚያ በዓመቱ ያው ነው።

ብረት_ወዳድ፦
እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም። ጠመዝማዛው ሁለት ቀን ታግሎኝ ዞረ፣ በጣም ደስ ብሎኝ ነበር። ትላንት ማታ ባትሪውን ውስጡ አስቀምጬ መብራት ሳጠፋ በስተግራ በታች ጥግ ላይ ሦስት ነጥብ ብርሃን አየሁ፣ ካቻቪቴውን ገፋ ሳደርገው ያለ ምንም ድምፅ ገባ፣ ሦስቱ ነጥቦች አንድ ሆነው አውራ ጣቴን የሚያሳልፍ ቀዳዳ ሆነ። ዙሪያውም እንደ ብስኩት ነው። ስለዚህ እንደ ምድጃ አልሸጠውም። ሁለቱን ቬንትሌተር፣ የጠመዝማዛውን ሞተር፣ ማቀጣጠያ ሬዚስታንሱን፣ ቦርዱንና መስታወቱን ፈትቼ ለየብቻ እሸጣለሁ፣ ቀፎውን ደግሞ ማንም አንስቶ እንዳያነደው ለሁለት ቆርጬ ለቁራሌው። ሞተሮቹን ከመሸጤ በፊት እንዴት ብፈትሻቸው ይሻላል?

ሰላም_ጓዳ፦
ቬንትሌተሩን በእጅህ ስታዞረው ሳይንቋቋ ረጋ ብሎ መቆም አለበት፣ የሚንቋቋ ከሆነ ኩሽኔታው አልቋል። ከዛ ግማሽ ሰዓት ያህል አስነስተህ ድምፁን ስማ፣ ቪዲዮም ቅረጽ ገዢው ይፈልገዋል። ሬዚስታንሱን በቴስተር ለካው፣ ተቆርጦ ከሆነ ምንም አያነብም።