ሮውስፓን ያለበት ሰንጠረዥ ዓምዶቹን እያዛባብኝ ነው፣ እርዱኝ

ሰላም ወገኖች። በፓይተን እና ከድረ ገጽ መረጃ በሚያወጣው ላይብረሪው በቢዩቲፉል ሱፕ የኢትዮጵያን የኦሊምፒክ ሜዳሊያዎች ሰንጠረዥ ከአንድ ድረ ገጽ እያወጣሁ ነው። የአትሌቶቻችን ታሪክ በንጹሕ ፋይል ተቀምጦ ማንም እንዲጠቀምበት ስለምፈልግ ነገሩ ከልቤ ነው።

እስከ 1964 ቶኪዮ ድረስ ችግር የለም። አበበ ቢቂላ፣ ማራቶን፣ ወርቅ፣ ሁሉም በየቦታው ይገባል። ጣጣው የሚጀምረው 1968 ሜክሲኮ ላይ ነው። ማሞ ወልዴ በማራቶን ወርቅ፣ በ10,000 ሜትር ደግሞ ብር ስላገኘ ዓመቱ አንዴ ብቻ ተጽፎ ሮውስፓን 2 ተሰጥቶታል፣ ማለትም አንዱ ሴል ወደ ታች ሁለት ረድፍ ይሸፍናል። ሁለተኛው ቲአር (ረድፍ) ውስጥ የዓመቱ ቲዲ (ሴል) ጭራሽ የለም፣ ሴሎቹን በቢዩቲፉል ሱፕ ፋይንድ ኦል ትእዛዝ ስሰበስብ የማሞ ስም የዓመት ዓምድ ውስጥ ገብቶ ቁጭ ይላል፣ ሌላውም ሁሉ ወደ ግራ ይሸሻል። 1980 ሞስኮ ላይማ ይብሳል፤ ምሩጽ ይፍጠር 2 ወርቅ፣ መሐመድ ከድር እና እሸቱ ቱራ አንዳንድ ነሐስ፣ 4 ረድፍ በአንድ ዓመት ሥር!

ፓንዳስ የተባለውን የፓይተን የሰንጠረዥ ላይብረሪም ሞክሬዋለሁ። ድረ ገጽ ላይ ያለ ሰንጠረዥ የሚያነበው ሪድ ኤችቲኤምኤል ትእዛዙ ዓመቱን በየረድፉ ይደግምልኛል፣ ግን ሊንኩን ጥሎ ጽሑፉን ብቻ ይሰጠኛል። እኔ ደግሞ የየአትሌቱ ገጽ አድራሻ፣ ኤችሬፉ ማለቴ ነው፣ የግድ ያስፈልገኛል።

ያሰብኩት የሮውስፓኑን ቁጥር ለየዓምዱ በፓይተን ዲክሽነሪ ይዤ በየረድፉ አንድ እየቀነስኩ የጎደለውን ሴል መሙላት ነው። ግን አንዱ ሴል ኮልስፓንም (ወደ ጎን በርካታ ዓምድ መሸፈን) ካለው ቆጠራው ይምታታል። ሁለቱንም አብሮ የሚይዝ ኮድ የጻፈ ካለ እባካችሁ ያሳየኝ፣ ወይም ፓንዳስ ሊንኩንም እንዲይዝ የሚያደርግ መንገድ ካለ ጠቁሙኝ።