ቲንክፓድ ቲ42፦ ቻርጀርና ኪቦርድ አዳማ ውስጥ የት ይገኛል?

የናዝሬት ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አባቴ የተወልኝ አይቢኤም ቲንክፓድ ቲ42 አለኝ። አባቴ የሰፈራችን እድር ጸሐፊ ነበር። የአባላቱን መዝገብና ቃለ ጉባኤውን ሁሉ የጻፈው በዚህ ላፕቶፕ ነው። ካረፈ ሁለት ዓመት ሆነው። አሁን እድሩ የድሮውን መዝገብ ስለፈለገ ከቁም ሳጥን አወጣሁት። የቻርጀሩ ገመድ አንገቱ ላይ ተበጥሷል፣ ጠምዘዝ አድርጌ ስይዘው ግን ይበራል። ከዚያ 161 እና 163 የሚሉ ቁጥሮች ያወጣና ይቆማል። ኪቦርዱ ላይ ደግሞ የቁጥር ቁልፎቹ ስለማይሠሩ ቀን እንኳ ማስገባት አልቻልኩም። ባትሪው ጭራሽ ሞቷል። ፖስታ ቤት አካባቢ ሁለት ቤት ጠየቅኩ። አንዱ ሳይከፍተው «ለቆራሌው ስጠው» አለኝ። ሌላው 19 ቮልት ቻርጀር ሊሰካበት ሲል ፈርቼ ይዤው ተመለስኩ። መጣል አልፈልግም። እባካችሁ እቃውን የት ላግኝ?

የቦርድ ሰው፦
ልጄ፣ መፍራትህ ደግ ነው። ቲ42 የሚፈልገው 16 ቮልት ነው፣ ከሥሩ ያለው ወረቀት ላይ ታገኘዋለህ። የሌላ ላፕቶፕ ቻርጀር ጫፉ ስለገባ ብቻ ይሆነዋል ብለህ እንዳትሰካ። አዲስ ከመፈለግህ በፊት ያንኑ የራስህን አስጠግን። ሳጥኑ ደህና ከሆነ የተበላሸው ገመዱ ብቻ ነው። ጫፉ የውጪ ስፋቱ 5.5 ሚሊሜትር፣ ቀዳዳው 2.5 ነው። ብዙ ላፕቶፖች የሚጠቀሙበት ስለሆነ ከሞተ ቻርጀር ላይ ተቆርጦ ይቀጠላል። መሃሉ ፕላስ፣ ውጪው ማይነስ ነው። ታዲያ ላፕቶፑ ላይ ከመሰካትህ በፊት በቴስተር አስለካው፣ ይሄን በፍጹም እንዳትዘለው። እኔ ፕላስና ማይነሱ ተገልብጦ የተቃጠለ ቦርድ፣ ማለትም ውስጡ ያለው ዋናው ሰሌዳ፣ ብዙ አይቻለሁ፣ ቦርድ ከተቃጠለ ደግሞ እቃው አይገኝም።

161 ማለት ቀንና ሰዓት የሚይዘው ትንሹ ባትሪ ሞቷል ማለት ነው። 163 ደግሞ ቀኑና ሰዓቱ አልተሞላም ነው የሚልህ። ባትሪው ሲአር2032 የሚባለው ክብ ባለ 3 ቮልት ነው፣ ሰዓት ቤት ሁሉ አለ። የላፕቶፑ ግን ሽቦና ትንሽ ሶኬት አለው። ሽቦውን በቀጥታ ባትሪው ላይ አታስበይድ፣ ሙቀቱ ሊያፈነዳው ይችላል። ሽቦ የሚበየድበት የብረት ጆሮ ያለው ባትሪ ፈልግ። ካጣህ ሽቦውን በቴፕ አጥብቀህ ብታስረው ለጊዜው ይሠራል። ቀኑን ለመሙላት የዩኤስቢ ኪቦርድ ሰካና ሞክር። የሞተውን ትልቁን ባትሪ ደግሞ አውጣው፣ ላፕቶፑ በቻርጀር ብቻ ይሠራል።

ምናለሽ ተራ ተመላላሽ፦
ስለ ኪቦርዱ ልንገርህ። ሻጩን «የቲንክፓድ ኪቦርድ አለ?» ብትለው የለም ይልሃል፣ ምክንያቱም እሱም አያውቀውም። ኪቦርዱን ገልብጥና ጀርባው ላይ ኤፍአርዩ ተብሎ የተጻፈውን ባለ 7 ፊደልና ቁጥር በስልክ ፎቶ አንሳ። አይቢኤም በየእቃው ላይ ይሄን ቁጥር ስለሚለጥፍ ፍለጋው ይቀላል። ሌላው፣ የቲ40፣ የቲ41ና የቲ43 ኪቦርድ ላንተም ይገጥማል። ስለዚህ ቲ42 ብቻ ብለህ ራስህን አታጥብብ።

የኔ ምክር ኪቦርድ ለብቻው አትፈልግ ነው። የሞተ ሙሉ ላፕቶፕ ግዛ። እኔ መርካቶ ምናለሽ ተራ ስሄድ ሁሌም እንደዚያ ነው የማደርገው። ቦርዱ የሞተ ቲ41 ካገኘህ ኪቦርዱን፣ የስክሪን ማጠፊያውን፣ ሜሞሪውን፣ ብሎኖቹን ሳይቀር ታገኛለህ። ብሎን ቀላል እንዳይመስልህ፣ በአጭሩ ቦታ ረጅሙን ካስገባህ ቦርዱን ይወጋዋል። አዳማም ቆራሌዎቹ የሚያስረክቡባቸውን ቤቶች ጠይቅ። መሥሪያ ቤቶች አሮጌ ኮምፒውተር በጨረታ ሲሸጡም ማስታወቂያውን ተከታተል።

ሀዋሳ ነኝ፦
ሁሉም ልክ ናቸው፣ እኔ ግን ቅደም ተከተሉን እቀይረዋለሁ። መጀመሪያ መዝገቡን አውጣ! ላፕቶፑ ባይነሳ እንኳ ሃርድ ዲስኩ ደህና ሊሆን ይችላል። ቲ42 ላይ በአንድ ብሎን ነው የተያዘው፣ ትፈታና በጎን ስበህ ታወጣዋለህ። አይዲኢ የሚባለው ባለ 44 እግሩ የድሮ ዓይነት ስለሆነ ሳታ ለሚባለው ለአዲሱ ዓይነት ዲስክ የተሠራ ገመድ አይሆነውም። ከአይዲኢ ወደ ዩኤስቢ የሚቀይር ገመድ ተዋስና ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሰክተህ ሁሉንም ገልብጥ።

ስትገለብጥ ዊንዶውስ ውስጥ ያለውን ፎንትስ የሚለውን ፎልደርም አትርሳ፣ ፎንቶቹ ማለትም የፊደል ቅርጾቹ ያሉት እዚያ ነው። የኔ እናት የድሮ ጽሑፎች እንዲህ ሆነውብን አልቅሳለች፤ አዲሱ ኮምፒውተር ላይ ስንከፍታቸው የተዘበራረቀ የእንግሊዝኛ ፊደል ሆኑ። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ በሚጋሩት የፊደላት ኮድ ውስጥ፣ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ዊንዶውስ ኤክስፒ ግን የራሱ የአማርኛ ፎንት አልነበረውም፣ ኒያላ የሚባለው የአማርኛ ፎንት የመጣው ከሱ ቀጥሎ ከወጣው ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር ነው። ስለዚህ ብዙ ሰው የሚጽፈው የአማርኛውን ቅርጽ በእንግሊዝኛው ፊደል ቦታ ላይ ባስቀመጡ ፎንቶች ነበር። ያ ፎንት ከሌለ ጽሑፉ አይነበብም።

የናዝሬት ልጅ፦
ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ገመዱን ፍራንኮ አንድ ልጅ ቀጠለልኝ፣ እንዳሉኝ በቴስተር አስለካሁት፣ 16 አካባቢ ነው። ባትሪውን በቴፕ አስሬው ቀኑን በዩኤስቢ ኪቦርድ ሞላሁ፣ ተነሳ። ሀዋሳ ያለኸው ወንድሜ፣ ያልከው እውነት ነው፣ ፋይሉ እኔ ኮምፒውተር ላይ ምንም አይነበብም ነበር። ፎንቱን ስገለብጥ ግን ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ ያለው የአባላቱ ስም ዝርዝር በሙሉ ወጣ፣ የአያቴም ስም አለበት። እሁድ አትሜ ለእድሩ እሰጣለሁ።

አሁን የቀረኝ ኪቦርዱ ነው። ፎቶውን አንስቻለሁ። አዳማ ወይ ሞጆ ቦርዱ የሞተ ቲ40 ወይ ቲ41 ያለው ሰው ካለ እዚሁ ይጻፍልኝ፣ መጥቼ እወስዳለሁ።