ለፒካፕ የኋላ ወንበር የሚሆን ሳብዉፈር፦ ምን ልግዛ፣ ማን ጋ ላስገጥም?

ሰሞኑን አንድ ወንድማችን ለሂሉክስ ደብል ካብ የሚሆን ሳብዉፈር፣ ማለትም ቤዙን (ወፍራሙን ድምፅ) የሚያወጣ ስፒከር፣ ጠቁሙኝ ብሎ ነበር። ከኋላ ወንበር ጀርባ መግባት አለበት። ቤዙ እንዲሰማ ይፈልጋል፣ ቦታ እንዲበላበት ግን አይፈልግም። አብዛኛው ሰው "ባለ 12 ኢንች ግጠምና ተገላገል" ብሎታል። እኔ አልስማማም።

ወንድሜ፣ ከብሩ በፊት ሜትር ያዝ። ወንበሩ እንደተቆለፈ፣ ከመደገፊያው ጀርባ እስከ ኋላው ግድግዳ ያለውን ክፍተት ለካ። ከላይ፣ ከመሃልና ከታች ለየብቻ ጻፈው። መደገፊያው ወደኋላ ዘመም ስለሚል ከላይ ይጠብባል፣ ከታች ይሰፋል። ክሪኩና የጎማ መፍቻው የት እንደሚቀመጡም እይ። ጅማ መንገድ ላይ ጎማ ሲፈነዳ፣ ክሪክ ለማውጣት ሳጥን መፍታት ከጀመርክ ዘፈኑ ያስጠላሃል። ግድግዳው ላይ የአየር ማስወጫ ካለ ደግሞ አትድፈነው።

ሱቅ ስትገባ ስለ ኢንች ሳይሆን ስለ ጥልቀት ጠይቅ። ስፒከሩ ከፊቱ እስከ ማግኔቱ ጀርባ ስንት ሴንቲ ነው? ወሳኙ ይሄ ነው። ከማግኔቱ ጀርባ ቢያንስ 1 ሴንቲ ለአየር ይተው። ከፊቱም 2 ወይም 3 ሴንቲ ያስፈልጋል፤ አለዚያ የስፒከሩ ሸራ ሲንቀሳቀስ ወንበሩን ይመታል።

ከዚህ በኋላ ምርጫህ ሁለት ነው።

አንደኛው አምፑ (ድምፁን የሚያጎላው አምፕሊፋየር) አብሮት የተሠራ ቀጭን ሳብዉፈር ነው። የፓዮኒር ቲኤስ-ደብሊውኤክስ130ዲኤ 28 በ20 በ7 ሴንቲ ነው። ጀርባ ባይገባ እንኳን ከፊት ወንበር ስር ይገባል። ካርቶኑ ላይ 160 ዋት ይላል፣ ያለማቋረጥ የሚሰጠው ግን 50 ነው። የኬንዉድ ኬኤስሲ-ኤስደብሊው11 በመጠን ከሱ ጋር ይቀራረባል። ሁለቱም ከስፒከር ሽቦ ሲግናል ስለሚቀበሉ መኪናው ይዞት የመጣውን ቴፕ መቀየር የለብህም። ከፍ ማለት ከፈለግህ የጄቢኤል ቤዝፕሮ ኤስኤል አለ፤ 8 ኢንች፣ 125 ዋት። የኪከር ሃይዳዌይ ባለ 8 ኢንቹ ደግሞ 150 ዋት ነው።

ከነዚህ መስተዋት የሚያንቀጠቅጥ ነገር አትጠብቅ። የሚሰጡህ የጎደለውን መሙላት ነው። የቤዝ ጊታሩ መስመር ይወጣል፣ ከበሮው ሰውነት ያገኛል። የፕሮጀክት መኪና ለሚነዳና ኋላ ሰው ለሚጭን ይበቃል እላለሁ። ነገ መኪናውን ብትሸጥም ነቅለህ ትሄዳለህ።

ሁለተኛው ቀጭን ስፒከር ለብቻ ገዝቶ ሳጥን ማሠራት ነው። ቤዝ የምትወድ ከሆነ ገንዘብህን እዚህ ላይ አውል። የጄኤል ኦዲዮ 10ቲደብሊው3 ጥልቀቱ 8.3 ሴንቲ ገደማ ነው፣ 14 ሊትር በሚሆን ድፍን (አየር በማያስወጣ) ሳጥን ውስጥ ይሠራል። እዚህ ሀገር ካላገኘኸው ፓዮኒር ቀጫጭን ባለ 10 ኢንች አለው፣ ኪከርም ኮምፕአርቲ የሚባለው አለው። ከአሜሪካ የሚመጣ ዘመድ ካለህ ስፒከሩን ብቻ አስመጣ። እዚያ ለታኮማ ወይም ለፎርድ ኤፍ-150 ተብሎ የሚሸጠው ሳጥን የተቆረጠው በነሱ ጋቢና ልክ ነው፤ ለሂሉክስህ አይሆንም።

ሒሳቡ ቀላል ነው። ሳጥኑ ከውጭ 90 ሴንቲ ቢረዝም፣ ቁመቱ 32 ቢሆን፣ ጥልቀቱ ከላይ 10 ከታች 15 ቢሆን እንበል። የጥልቀቱ አማካይ 12.5 ነው። እንጨቱ ባለ 18 ሚሊ ስለሆነ፣ በሁለቱም ጎን ስላለ፣ ከእያንዳንዱ ልኬት 3.6 ሴንቲ ቀንስ። 86.4 በ28.4 በ8.9 አባዝተህ ለ1000 ስታካፍለው 21 ሊትር ከምናምን ይመጣል። አንድ ባለ 10 ኢንች ተመችቶት ይቀመጣል። ሁለት ግን 28 ሊትር ይፈልጋሉ፣ አይገቡም። ሻጩ "ሁለት ብትወስድ እቀንስልሃለሁ" ካለህ ቅናሹ ይቅርብህ። ካርቶኑ ላይ በኪዩቢክ ፊት ከተጻፈ ደግሞ አንዱ 28 ሊትር ገደማ ነው።

ሳጥኑ ድፍን ይሁን። ቀዳዳ ያለው ሳጥን ብዙ ቦታ ስለሚፈልግ ከወንበር ጀርባ አይታሰብም።

ስለ ዋት አንድ ነገር ልበል። ገበያው ላይ "3000 ዋት" የተጻፈበት አምፕ ሞልቷል። እሱን ተወውና ጎኑ ላይ ያለውን ፊውዝ እይ። ባለ 30 አምፔር አንድ ፊውዝ ብቻ ካለው፣ 30ን በ13.8 ቮልት ስታባዛው 414 ዋት ነው። ይሄ የሚስበው ነው። ከዚያ ላይ ሩብ ያህሉ በሙቀት ይባክናል። የተረፈውን 300 ዋት ምናምን 3000 ብለው ነው የሚሸጡልህ።

ወደ አስገጣሚዎቹ እንምጣ። ዲኮር ቤቶች እዚያው ሸጠው እዚያው ይገጥማሉ። ፈጣን ናቸው፣ ቢበላሽም የምትመለስበት በር አለህ። ችግሩ ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ሳጥን ነው ያላቸው። ያንን ለማስገባት ሲሉ ወንበርህን ወደፊት ገፍተው፣ ኋላ የሚቀመጠው ሰው ጉልበቱ አገጩ ጋ ይደርሳል። ከአምፑ ጋር ለተሠራው ቀጭን ሳብዉፈር ግን ከዲኮር ቤት የተሻለ የለም፤ ሥራው የሽቦ ብቻ ነው።

ሳጥን ካሠራህ ግን ሥራውን ከፋፍለው። ዕቃውን መርካቶ ዞር ዞር ብለህ ግዛ። ሳጥኑን ለሰፈርህ እንጨት ሠሪ ስጠው። ሽቦውን ለመኪና ኤሌክትሪሺያን ተው። ያገለገለ አምፕ ከምናለሽ ተራ ማግኘት ይቻላል፣ ባትሪና ስፒከር ይዘህ ሄደህ እዚያው ካላስጮህከው ግን እንዳትገዛ። ዋጋ አልጽፍም፤ ከሐምሌ 2016 ወዲህ ብሩ በገበያ ዋጋ መመንዘር ከጀመረ የዕቃ ዋጋ በየጊዜው ይለዋወጣል። በአንድ ቀን ሦስት ሱቅ ጠይቀህ አወዳድር።

እንጨት ሠሪው ቁምሳጥን ነው የለመደው፣ አየር መያዝ አለበት ካላልከው አያስብበትም። ባለ 18 ሚሊ ኤምዲኤፍ ይሁን፣ ቺፑድ አትቀበል። መጋጠሚያው ሁሉ ኮላ ይቀባ፣ ከውስጥም በሲልኮን ይደፈን። ሲልኮኑ ሙሉ ቀን ሳይደርቅ ስፒከሩ አይገጠም፤ ትነቱ የስፒከሩን ሙጫ ይጎዳል። በመጨረሻ ስፒከሩን በእጅህ ቀስ ብለህ ተጫነውና ልቀቀው። እያመነታ በዝግታ ከተመለሰ ሳጥኑ አየር ይዟል። ወዲያው ከተመለሰ የሚያፈስ ቦታ አለ።

ኤሌክትሪሺያኑን በሁለት ነገር ፈትነው። አንደኛ፣ ፊውዙን የት ነው የምታደርገው በለው። ከባትሪው ከ45 ሴንቲ ባልበለጠ ርቀት ካላለ ሌላ ሰው ፈልግ። ሽቦው ከኮፈኑ ወደ ጋቢና ሲያልፍ የብረቱ ጠርዝ ሊልጠው ይችላል፣ ያን ጊዜ መኪናህን ከእሳት የሚያድነው ያ ፊውዝ ነው። ሁለተኛ፣ ማሳውን (የኔጋቲቩን ሽቦ) የት ነው የምታስረው በለው። ቀለሙን ፍቆ ቦዲው ላይ ማሰር አለበት። የወንበር ቀበቶ ብሎን ላይ አስራለሁ ካለህ አመስግነህ ውጣ። ሽቦውም ንጹህ መዳብ ይሁን። መዳብ የተቀባ አልሙኒየም በርካሽ ይሸጣል። ጫፉን በምላጭ ፋቅ ስታደርገው ውስጡ ነጭ ከሆነ እሱ ነው። ሌላ ከሌለ ወፈር ያለውን ውሰድ።

ሲጨርሱ ከበሮ ያለበት ዘፈን ወይም መዝሙር አስከፍት። ምቱ ቁርጥ ብሎ መቆም አለበት። እየተጎተተ "ቡውው" ካለ አምፑ ላይ ያለውን ጌይን (የጉልበቱን መቆጣጠሪያ) አስቀንስና ወፍራሙን ድምፅ ብቻ የሚያሳልፈውን ማጣሪያ 80 ኸርትዝ አካባቢ አድርገው።

የኤፍ ኤስ አር (የአይሱዙ የጭነት መኪና) ሾፌር የሆኑት ጋሼም "ለእኔስ?" ብለው ጠይቀው ነበር። ጋሼ፣ የእርስዎ መኪና 24 ቮልት ነው፤ እነዚህ ዕቃዎች ሁሉ ደግሞ የ12 ናቸው። በቀጥታ ካሰሩት አምፑ ይቃጠላል። "ከሁለቱ ባትሪ አንዱን ብቻ እንነካለን" የሚል ባለሙያ አያጣም፣ እሺ እንዳይሉት። አንዱ ባትሪ ሲራብ ሌላው ከልክ በላይ እየተሞላ ሁለቱም ያለ ጊዜያቸው ይሞታሉ። ከ24 ወደ 12 የሚቀይር ኮንቨርተር ይግዙ። ለቀጭኑ ፓዮኒር ባለ 20 አምፔር ከበቂ በላይ ነው። እሱንም መኪናው ሲጠፋ አብሮ እንዲጠፋ ከቁልፉ ጋር ያሳስሩት፤ ያለበለዚያ ሌሊቱን ሙሉ ባትሪውን ሲጠባ ያድራል።